ጥርስ

ፕሮጀክቱ ሲዘጋ፣ ሰዉ ሲበተን፣
ባለ አራት ጎማዋን ሞተር ተወልን።
ስድስት ክረምት ሙሉ ገራዶ ማጥ ገብታ፣
በሐረጎ ሬንጅ ወርዳ ደግሞ ወጥታ፣
ጎማዋ አለቀ፤
እንደ አዛውንት አፍ ጥርሱ ወለቀ።

ፒያሳ፣ ጦይብ ሱቅ። ሁለት ጎማ አቁሞ
በመዳፉ መታው አንዱን አስቀድሞ፦
«ይሄ ጥርሰ ረጅም፣ ጭቃ የሚነክስ፤
አስፋልት ላይ ያጉረመርማል፣ ያልቃል ክረምት ሳይደርስ።
ያኛው ጥርሰ አጭር፣ ዝምተኛ ነገር፤
ሬንጁን ቆንጥጦ ይዞ ቁልቁል የሚበር።
አብዛኛው መንገድሽ በየት ነው፣ ዶክተር?»

ቆጠርኩ በጣቶቼ፤ ከአሥሩ ስምንቱ
አስፋልት ነው በውነቱ።
የቀረው ሁለት ግን...
የዘሀራ ላም ናት፣ ጥጃው በእግሩ መጥቶ፤
እኔ ማጥ ውስጥ ነበርኩ፣ ጎማው መንከስ ትቶ።
በእግሬ ሮጬ ስደርስ
ቆዳዋ አጥር ላይ ተሰጥቶ።

«ጥርሰ ረጅሙን ስጠኝ» አልኩት፣ «ያጉረምርም፤
አስፋልት ላይ ተኝታ የምታምጥ ላም የለችም።»

ብሩ ለሁለት ነው የበቃው፤ ለኋላ።
ከፊት ድዱ ይቆይ እስከ በጀት። ሌላ
ምን አለ? በጀቱ የሚለቀቅ በሐምሌ፣
ጭቃውም በሐምሌ።