ቶርላይፍ ሪቬት ሲቆጥር

ሠላሳ አንድ ዓመት ደብዳቤ ሳመላልስ፣
በጀልባ፣ በብስክሌት፣ ሄልጌላንድን ሳዳርስ፣
የሰውን ቤት ጉዳይ በክብደቱ ለመድኩ፤
ሳልከፍት አወቅኩ።
የሐኪም ደብዳቤ ቀጭን ነው፤ ይከብዳል።
የውርስ ወረቀት በማኅተም ያብጣል።
የቶርላይፍ ጥቅል ግን ከቁመቴ በልጦ
ላባ ያህል ነበር፤ በነፋስ ተገልብጦ
አንድ የመጋቢት ቀን ሊያመልጠኝ ነበር፣
ባይዘው ኖሮ ክር።

«ጀልባ ነው?» አልኩት በመጀመሪያው ዓመት።
«ጀልባም ነው» አለኝ፤ «ክንፍ ግን አለበት።»

ባሕር ላይ የሚያርፍ የጦር ዘመን አውሮፕላን፣
ከስምንት እጅ አንድ እጅ አድርጎ መጠኑን፣
ምድር ቤቱ ገብቶ ከባዶ ጀመረ፤
የተዘጋጀ አልገዛም፤ ሁሉን በሞረድ፣ በእጁ አሳመረ።
አባቱ የዚያ አውሮፕላን መካኒክ ነበሩ፤
ሦስት ፎቶግራፎች፣ ጥጋቸው ተቀዶ፣ ለልጁ ቀሩ።

ኅዳርና ታኅሣሥ፣ ፀሐይ ስታኮርፍ፣
በረዶው መስኮቱን ከውጭ ሲደግፍ፣
ቶርላይፍ በሐኪም መርፌ፣ ጠብታ በጠብታ፣
ከማጣበቂያ ሪቬት ይሠራል ጠዋት ማታ።
አንዷ ጠብታ አንድ የሪቬት ራስ ናት፤
ስትደርቅ ዓይን ይስታታል፤ ምላስ ነው የሚያውቃት።
ደብተሩ ላይ ይጽፋል፦ «ማክሰኞ፣ ሁለት መቶ ስድሳ።
ረቡዕ፣ ሰማንያ፤ ወገቤን አመመኝ። ሐሙስ፣ ምሳ
ተጋብዘን ሄድን፤ ምንም።»

ሚስቱ ዳግኒ፦ «ሌላ ሴት ብትወድ ይሻለኝ ነበረ፤
እሷስ ታረጅ ነበር» አለችው።
ሳቀ። ሞረዱ ግን እንደዋለ አደረ።

በአሥራ አንደኛው ዓመት፣ ግራ ክንፉ አልቆ፣
ቀለም ብቻ ቀርቶት፣ ከጣሪያው ተሰቅሎ ከሰው እጅ ርቆ፣
አስብዮርን ዓሣ አጥማጁ መረቡን ሲስብ
አንድ ቁራጭ አልሙኒየም ወጣለት፣ ዓሣ ሲያስብ።
መዳፍ የምታህል፣ ጨው የበላት ነበረች፤
በጋዜጣ ተጠቅልላ፣ በእኔው ቦርሳ፣ ቶርላይፍ ዘንድ ደረሰች።

በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ለካት። ማስመሪያውን ገልብጦ ደግሞ ለካት።
መነጽሩን አወለቀ። በእጅጌው ጠረጋት።
«አራት ሚሊሜትር» አለ፤ ከሪቬት እስከ ሪቬት፤
ፎቶው ውስጥ ያለው ጥላ ነው ያሳሳተው ያን ያህል ዓመት።
ወደ እሱ ክንፍ ሲመነዘር፣ ግማሽ።
«ማን ያየዋል?» አልኩት፣ የማያገባኝ ነገር አላስችል ብሎኝ።
«አንተ አየኸው፣ አሁን» ብሎ መለሰልኝ።

በማግስቱ ሳልፍ፣ ከደጁ፣ ከማገዶው ጋር፣
የሁለት ዓመት ቆዳ ከክንፉ ተልጦ ተቆልሎ ነበር።

በአሥራ ዘጠነኛው እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር።
መርፌውን አስቀመጠ፤ መብራቱን አጠፋ፤ በጊዜ ሊያድር።
ዳግኒ ወረደች። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤
በማግስቱ ደብተሩ ላይ የነበረው ጽሕፈት የእሱ አልነበረም፦
«ሰኞ፣ አርባ ሁለት። ቀኝ ክንፍ። ሻይ በረደብኝ።»
(ገጹን እሷው አሳየችኝ።)

እኔም ጡረታ ወጣሁ፤ በሐምሌ፣ በሃያ ሁለተኛው፣
ሊያወጡት ሲሉ ደረስኩ፤ ደሴቱ ሁሉ ግቢው ውስጥ ነው።
ጅራቱ በበሩ አላልፍ አለ፤ በሦስት ሳንቲም።
ግማሽ ሚሊሜትር አላስተኛው ያለ ሰው
በሩን አንድ ቀን አልለካም!
ዳግኒ ደረጃው ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤
«ግድግዳውን አፍርሱት፤ ሰፊ መስኮት አምሮኝ ነበር» አለች።

ከዚያማ ውኃው ላይ አስቀመጡት፤ ሞተሮቹ አጉረመረሙ፤
ነጭ መስመር ሰንጥቆ ሄደ፤ ልጆች ድንጋይ ላይ ቆሙ።
ሰው ሁሉ ወደ ሰማይ፤
እኔ ዓይኔን የጣልኩት በቶርላይፍ አውራ ጣት ላይ፦
አልተንቀጠቀጠም።
አራት ደቂቃ፤ ሰዓቴን ይዣለሁ፤ ከዚያ አላለፈም።

ሲያርፍ ጉልበቱ ድረስ ባሕር ገብቶ ተቀበለው።
ክንፉን በእጅጌው ጠረገው።
አዘነበለ፤ ጆሮውን ሆዱ ላይ ደገፈ፤
«ትንሽ ውኃ ያስገባል» አለ፤ በረዥሙ ተነፈሰ።
ዳግኒ ከድንጋዩ ላይ፣
እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፦
«በማን በኩል?»