ሦስተኛው ጫፍ

ጀልባው ሁሉ ሲታሰር፣ ፀሐይ ከውሃው ስትወርድ፣
ይታይሽን ታያታለህ፣ ከሾላው ሥር ከሰል ስታነድ።
አንድ ብረት ድስት፣ አንድ ጭልፋ፣ የተገለበጠ የቢራ ሳጥን፣
(እሱ ላይ መቀመጥ፣ እኛ ዘንድ፣ ትንሽ ሥልጣን።)

ሊጡ ጠዋት ተዳምጧል፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቶ፣
ምስሩም ከነቃሪያው በስሎ፣ ውሃው ተንጠፍጥፎ ወጥቶ።
"ውሃ የቋጠረ ምስር" ትላለች፣ "ሆዱ ያልጠራ ሰው ነው፤
ዘይት ሲነካው ጮሆ ነው ገመናውን የሚያወጣው።"

እኔ ባጃጅ እነዳለሁ፣ ከፔዳ ዓባይ ማዶ፣
ማታ ማታ እዚህ እቆማለሁ፣ ነዳጄ አልቆ፣ ሆዴም ባዶ።
"ስንት?" ትለኛለች።
"ሁለት።"
ሦስት ትጠቀልላለች።
"ሦስተኛዋስ?"
"እሷ የነገ ናት፤ ነገ ትከፍላለህ" ትላለች።
ነገም ሁለት እላለሁ።

ይህን እጥፋት ያሳየቻት ጎረቤቷ ዘሃራ ናት፣
በአንድ የረመዳን ሰሞን፣ የቤት ኪራይ ባስጨነቃት።
ዘሃራ ከእናቷ ወሰደች፣ እናቷ ከደሴ ገበያ፣
ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ ግመል ይወቀው ወይ ጆንያ።
ረቡዕና ዓርብ ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ይዘልቃል፤
በረመዳን ደግሞ የመግሪብ አዛን ሳይሰማ ያልቃል።

ጋሽ እንየው፣ የድሮ የመርከብ ዘበኛ፣
አንድ ቀልድ ነው ያለው፤ በየቀኑ አዲስ የሚሆንብን እኛ፦
"ዓባይ ከደጃችን ወጥቶ ምስርን አረሰረሰ፤
እኛንም ምስር አጠገበን፣ ሊጥ ለብሶ እየተጠበሰ።
ዕዳ የለብንም!"
ይስቃል። ቃሪያው ያስለዋል።

ሰኔ ነው። የሸራዋን ሆድ ዝናብ ሞልቶት፣ በዱላ ስትገፋው ማታ፣
ወረቀቱን አየሁት፣ የመጨረሻዋን ስፈታ።
የፈተና ወረቀት ነው። ዘይቱ ሰርጎ አሳሳው፣
የጀርባውን ጽሑፍ ከፊቱ ጋር አደባልቆ አነሣው።
"የሦስት ማዕዘን ውስጣዊ ማዕዘኖች ሲደመሩ ስንት ናቸው?"
"እንደ ማዕዘኖቹ ጠባይ ነው" ብሎ ልጁ መለሰላቸው።
ቀይ ዜሮ።
ከላይ፣ ሙሉሰው ይታይሽ።
በአባት ቦታ የእናት ስም።
ዝናቡ ጋብ አለ፤ እኔም ዝም።

"ምን ይላል?" አለችኝ፣ ዓይኗን ከድስቱ ሳታነሣ።
"ስለ ሦስት ማዕዘን ነው።"
"ስለ ሳንቡሳ?"
"እንደዚያ በይው።"
"ታዲያ እኔን አይጠይቁም?"

አንድ ቁራጭ ሊጥ አነሣች፣ እርጥብ እጇን ጠርጋ፦
"ሁለቱን ጫፍ ማንም ያጥፋል፣ ያለ አደጋ።
ጉዱ ሦስተኛው ላይ ነው። ዱቄት በውሃ በጥብጠህ፣
ትቀባውና ትጠብቃለህ፣ እንደ ልጅ እጅ ጨብጠህ።
ከቸኮልክ በዚያች ቀዳዳ ነው ዘይቱ የሚገባው፣
ከላይ አምሮ ተቀምጦ፣ ስትገምጠው የሚያነባው።"

ሞከርኩ። የኔው ተፈታ፤ ምስሩ ድስቱን ሞላው።
ጋሽ እንየው "ምስር ደረሰ!" አለ፤ እሷም ጭልፋዋን ይዛ ሣቀች።

ሙሉሰው ውሃ ይዞ መጣ፣ ዩኒፎርሙ ዝናብ ጠግቦ፣
ሳጥኑ ላይ ቁጭ አለ፣ እጁን ታጥቦ።
ማስመሪያ የለ፣ መለኪያ የለ፤ አሥራ ሁለት አጠፈ፣
የአንዱ ጫፍ ከሌላው ጫፍ አንዲት ክር አልተረፈ።
አንዱን ብቻ ለይቶ፣ ረጅም ጊዜ ጨብጦ ያዘው።
ለምን እንደሆነ አላወቅኩም።

ወረቀቱን ልጠፈው ስል፣ እጥፋት ቀድሞ ነበረው፤
ይታይሽ ናት፣ ቀዩን ወደ ውስጥ አዙራ የጠቀለለችው።
አውቃ ይሁን ሳታውቅ፣ አልጠየቅኩም።
ኪሴ ከተትኩት።

ሸሚዜ ላይ፣ በደረቴ በኩል፣ የዘይት ምልክት አለ፤
ሁለት ጊዜ በኦሞ ታጠበ።
ሁለቱ ጫፍ ለቋል።