የአንድ ዓመት ውል

ደብረ ማርቆስ፣ ነሐሴ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣
ችግኝ ጣቢያ ሄድኩኝ ከማንጠግቦሽ ጋራ።
ስድስት የዘይት ጣሳ፣ አንድ ስንጥቅ ገንቦ፣
በረንዳ ላይ አለ ደረጃውን ከቦ፤
ታቹን በሚስማር በስቼ ውሃ እንዲያሾልክ፣
አፈር፣ አሸዋ፣ ፍግ፣ ሞልቼዋለሁ በልክ።

አንማው፣ ባለ ችግኙ፣ እጁ ጭቃ ለብሶ፣
«የቱን ልስጥሽ?» አለኝ አንገቱን መልሶ።
«ጽጌረዳ ውሰጂ፤ ዘላለም ነው ሥሩ፤
በየዓመቱ ያብባል ካልተነካ አፈሩ።»

«ዘላለም» ሲል ጊዜ ሳቅ አመለጠኝ፤
ማንጠግቦሽ በክርኗ ጎኔን ጎሰመችኝ።
እኔ የጋሽ ገደፋው የጓሮ ተከራይ፣
ዓመት ነው የሰጡኝ፣ በወረቀት ላይ፤
ከሰኔ እስከ ሰኔ። ታች ደግሞ በቀይ፦
«ተከራይ በግቢው መሬት ላይ መቆፈርም ሆነ መትከል አይፈቀድለትም።»
ፈርሜያለሁ።

ስለዚህ ነው ጣሳ፤ ስለዚህ ነው ገንቦ፤
ስለዚህ የምሻው፣ በአንድ ዓመት አብቦ፣
ሂሳቡን ዘግቶ፣ ዘሩን አስረክቦ፣
የሚወጣውን ነው።

ፔቱኒያ ይኸው፤ ከንፈሯ የሳሳ፣
በማርቆስ በረዶ ባንድ ምት የሚበሳ፤
ትሂድ ከጣራው ሥር፣ ለሰፊዋ ጣሳ።
ዚኒያው ቀጥ ይላል፤ ገንቦው መሃል ይቁም፤
ቀይና ብርቱካን ጎን ለጎን ቢጮኹም፣
ማንጠግቦሽ ብትልም «እነዚህ አይስማሙም»፣
ጎረቤት መች በልክ ተመርጦ ይገባል?
ያም ይጮኻል፣ ይህም፤ ግቢው ግን ያብባል።
ማሪጎልድ ይሸታል፤ ትንኙ ይጠላዋል፤
ለኩሽናው መስኮት ልኩ ነው፣ ይገባዋል።
ነጭም ጨምርልኝ፣ አንማው፣ ሁለት ሥር፤
መብራት የጠፋ ለት እንዲያሳየኝ በር።

«አደይስ?»
«አደይ አይሸጥም» አለ፣ «ደግሞ ማን ገዝቶ?
ዳገቱ ላይ አለ ራሱን ዘርቶ።»
እሱም የአንድ ዓመት ነው፤ ያለ ውል የገባ፣
ኪራይ የማይከፍል የጮቄ አበባ።

«ሥሩ ሃያ ብር ነው።» «አሥራ አምስት ይበቃል።»
«ለአበባ ሲሆን ሰው ለምን ይጨቃጨቃል?»
ባጃጁ ሲነጥር በኮብልስቶን መንገድ፣
ጭኔ ላይ ታቅፌ ያዝኩት በግድ በግድ።

ጋሽ ገደፋው በሩን ገርበብ አርገው ከፍተው፣
«ምነው፣ ልትዘልቂ ነው?» አሉኝ ሁሉን አይተው።
«ጣሳ ነው» አልኳቸው፣ «መሬት አልነካሁም፤
ውጪ ያሉኝ ለታ እዚህ አይቀሩም።»

ጥቅምት ላይ ጣሳው ሁሉ ቀለሙን ተፋ፤
ሁለት ማታ ሙሉ መብራቱ ሲጠፋ፣
ነጩ በሩን አሳየኝ።
ለሥልጠና ዳንግላ ሰንብቼ ስመጣ፣
አፈሩ እርጥብ ነው፤ ማን ውሃ አጠጣ?
ማንጠግቦሽ «እኔ እንጃ»፤ ከሷም ቃል አልወጣ።

ኅዳር ሲጋመስ፣ ቀለማት ተሻሩ፤
የዚኒያው አናቶች ዘር ይዘው ጠቆሩ።
በመዳፌ አሽቼ፣ እፍ ብዬ ገለባውን፣
በኪራይ ደረሰኝ ጠቀለልኩ ቀሪውን።

ጋሽ ገደፋው መጡ፤ ቆሙ ደረጃው ሥር፤
ሁለት ጊዜ ሳሉ፤ አላወሩም ስለ ብር፤
«ከቀዩ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ቆንጥሪልኝ ለአጥር።
መቼ ነው የሚዘራው?»
«ሐምሌ ነው፣ ጋሽዬ፣ መሬቱ ሲርስ።»
«እንግዲያ ዶማው እንጨት ቤት አለ፤
አንቺው ትዘሪዋለሽ፣ ሐምሌ ሲደርስ።»
ብለው ገቡ።

ሰኔ፣ አልኩ በጣቴ።
ከዚያ ሐምሌ።