ከእጀታው ሥር

ቦሳ አዲስ፣ ከጓሮ፣ ከሙዞቹ ኋላ፣
ሦስት ቆርቆሮ ጣራ፣ ሸራ ነው ሌላ ሌላ፤
እዚያ ነው የምሠራው።
መስፌ የግሬደር ምላጭ ቁራጭ፣
ወናፌ ካስክ፣ ከዘይቱና ፀጉር ቤት የተጣለ፣
ቢያጓራም እሳቱን እስካቀላ፣ ምናለ።

ክረምት ነው። ጅማ ላይ ክረምት አይጠየቅም፣
ሲገባ አያንኳኳም፣ ሲወጣ አይታወቅም።

የሸምሱ አይሱዙ ሰካ ላይ ተሰብሮ
የጣለው ባሌስትራ፣ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ፣
ዓመት ሙሉ ተኝቶ፣ ዝገት ተከናንቦ፣
ከአባቴ ሞረድ ጋር ዛሬ ተያየ ቀርቦ።
ያ ሞረድ ጥርስ የለው፤ አርባ ዓመት ነክሷል፣
የሰርቦን ማጭድ ስሎ ስሎ ራሱ ደንዟል።

አባቴ ቱምቱ ነበር።
ማረሻውን ሠርቶ ከደጅ ያስቀምጣል፣
ከደጅ ይከፈላል፣ ከደጅ ይመለሳል።
ልጅ ያቀፈች እናት፣ ሲያልፍ ከሩቅ አይታ፣
ሕፃኑን ትሸፍናለች፣ ሻሿን ጎትታ።
"ጥሩ እጅ አለው" ይላሉ፣ "ዓይኑ ግን..."
ያቺ "ግን" ከመዶሻው ትከብደው ነበረ፣
አንድ ቀን ሳይመልስ ከእሷ ጋር ተቀበረ።

ብረት በብረት ላይ፣ ስምንት ድርብ አድርጌ፣
ዳር ዳሩን በይጄ፣ በሽቦ ሸርጌ፣
ቦራክስ ነሰነስኩ፣ እንደ ጨው በሥጋ።
ቀላ። ብርቱካን ሆነ። ቢጫ ሆነ። ነጋ።
መታሁት፤ በቀስታ፣ እንደ እንግዳ በር ላይ፤
ከዚያ በሙሉ ክንዴ፣ ላቤ ዓይኔን ሲጋርደው፣ ሳላይ።
አጠፍኩት። አሥራ ስድስት።
አጠፍኩት። ሠላሳ ሁለት።

ስልሳ አራት ላይ መብራት ሄደ።

ካስኩ አቃሰተና ዝም አለ።
በየቤቱ "ኤጭ!" ተባለ።
ብረት አይጠብቅም፤ ከቢጫው ወደ ቀይ፣ ከቀይ ወደ ጥቁር
ዓይኔ እያየው መሸ።
ከማገሩ አወረድኩ የአባቴን ወናፍ፣
የፍየል ቆዳ፣ የደረቀ አፍ።
ረሂማ ሮጣ መጣች፣ የተማሪ ልብሷን ሳትቀይር።
"እንዴት ነው አባ?"
"እንደ መተንፈስ ነው። አትቸኩይ። አታቁሚ።"
ተንበርክካ ነፋች፤ አንዴ ግራ፣ አንዴ ቀኝ፣
አያቷን አታውቀውም፣ ትከሻዋ ያውቀው ነበር መሰለኝ።

መቶ ሃያ ስምንት።
ጩቤ ሆነ ሲመሽ፤ ሁለት ወገን ስል፣ መሐሉ አጥንት ያለው።
በተቃጠለ የሞተር ዘይት ስነክረው ጮኸ፣ ጭሱ ከሸራው ተረፈ፣
ትንፋሼን ይዤ አዳመጥኩ፤ "ቋ" አላለም። አለፈ።

ደማስቆ ይሉታል እንዲህ ያለውን። ደማስቆን አላውቅም፣
እኔ ከአጋሮ ወዲያ ሄጄም አላውቅም።
ንድፉን የሚያወጣው አሲድ ነው፤ አሲድ ውድ ነው፤
ከማበጠሪያ የተጣለ፣ የተሰባበረ፣ የጠቆረ ቡና
አፍልቼ፣ አክርሬ፣ በባልዲ አቀዝቅዤ፣
ሌሊቱን ነከርኩት፣ እንደ አስታማሚ አጠገቡ ፈዝዤ።

ጠዋት፣ የአባቴ ሞረድ ጠቆረ፤ ባሌስትራው ነጣ፤
መስመር በመስመር ላይ እየዞረ ወጣ።
"አዌቱ!" አለች ረሂማ፣ "አዌቱ ሲሞላ!"
አዎ፣ አዌቱ ነው።
እኔ ሌላም አየሁ። ከጭራው አጠገብ፣ የፀጉር ያህል ስንጥቅ።
ስልሳ አራት ላይ ናት፤ ጨለማው መጥቶ
ሁለቱ ሳይተቃቀፉ የቀዘቀዙባት።
እግሩ ከተሰበረ የዋንዛ በርጩማ እጀታ ጠረብኩ፣
በናስ ምስማር መታሁ፣ ሸፈንኳት።

መምህር ጉደታ ግድግዳው ላይ ሊሰቅለው መጣ።
ደጅ አልቆመም፤ ጎንበስ ብሎ ከሸራው ሥር ገባ፣
ከሰል የነካው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።
አገላበጠው። ወደ ብርሃን ያዘው።
"ጥሩ እጅ አለህ" አለኝ።
ጠበቅሁ።
ዝናቡ ቆርቆሮውን መታ፣ መታ፣
እኔ ጠበቅሁ።
ምንም አልጨመረም።

ሁለት መቶ ብር ቀነስኩለት።
ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም።