የየብስ ቃል

ሸትላንድ ስመደብ፣ ከአበርዲን ወጥቼ፣
ዘይቤ ላስተምር፣ ጠመኔ አንግቼ፣
አሥራ አንድ ልጆች፣ ዓሣ ዓሣ የሚሉ፣
ምድጃውን ከበው ጠበቁኝ በሙሉ።

«“እንደ” ካለበት፣» አልኩ፣ «ተነጻጻሪ ነው፤
“እንደ”ን ስትነቅሉት ተለዋጭ የሚሆነው፤
ነፋስ ካለቀሰ ሰውኛ ይባላል፤
ደብተር ላይ ጻፉት፤ ፈተና ይመጣል።»

ኦስላ እጇን አነሣች፣ የላውሪ የልጅ ልጅ፣
መንጠቆ የቧጨረው፣ ቅርፊት ያለበት እጅ።
«አያቴ ባሕር ላይ “ቢላ” አይልም፤» አለች፣
«“ነካሹን አቀብል” ነው። ድመትም ተባለች
“ጯሂዋ”። ቄሱንም በስም ጠርቶ አያውቅም፤
“ቋሚው” ነው። ጀልባ ላይ ቄስ ተብሎ አይጠራም።
ይሄስ የትኛው ነው? ተለዋጭ?» ጠየቀች።
ጠመኔዬ ሰሌዳው ላይ ቀጥ ብላ ቀረች።

«ለማሳመር፣» አልኩኝ፣ «ለቋንቋ ውበት ነው።»
አሥራ አንዱም ሣቁብኝ።
                «ኧረ መምህር! ባሕሩ ሰሚ ነው፤
ጆሮ አለው።»
          «ሰውኛ!»
                    «አይ፣ ሰውኛ አይደለም።
ይሰማል ነው ያልኩዎት። እኔ አልቀለድኩም።»

ቅዳሜ ላውሪ ራሳቸው በጀልባ ወሰዱኝ።
ረስቼው «ቄሱ...» ስል በዓይን ገረመሙኝ፤
ብረት ፈልገው ነኩ፣ ምራቃቸውን ውጠው፤
ወደ ወደብ ዞሩ፣ መረብ ሳይጥሉ፣ ቆርጠው።
ሁለት ሰዓት መንገድ። መቅዘፊያው ብቻ ነው ያወራው።

ማታ መጽሐፌ ላይ፣ «ለውበት» ካለበት፣
በእርሳስ «ለፍርሃትም» ብዬ ጨመርኩበት።

ኅዳር ሲገባደድ ማዕበል ወጣ፤
አራት ጀልባ ሄዶ ሦስቱ ብቻ መጣ።

ወደ ቤታቸው ሄድኩ፣ ኮፍያዬን ጨብጬ፣
ከምላሴ ሥር ያለ ዘይቤ አሟጥጬ፦
«ላውሪ... ወደቡን... ሸራቸውን አጠፉ...
ጉዟቸው... መልህቁ... እንግዲህ ዐረፉ...»

ኦስላ ዳቦ ትቆርጣለች። ቀና ብላ አየችኝ።
«መምህር፣ እዚህኮ የብስ ነው፣» አለችኝ፤
«የሚሰማን የለም። በስሙ ይጥሩት።»
ባልቴቷም ከጥጉ፣ «ልክ ናት። ይበሉት።»

«ሞቱ፣» አልኩ።
          ሁለት ፊደል። ምንም አልመሰለም።
ምድጃው ጢስ ተፋ። ማንም አላለቀሰም
ለጊዜው።
          ኦስላ ግን ጠረጴዛውን ዞረች፤
ያን ስለታም ነገር እጄ ላይ አኖረች፤
«ቢላ ነው። ይቁረጡልን። ደነዘብኝ፣» አለች።