ሩብ ዙር

ግሮኒንገን ዘነበ፤ ኅዳር ቀን ጨለመ፤
ከብስክሌት ጠጋኟ ቤት በላይ፣ መስኮቴ ብቻውን እንደበራ ከረመ።

የቦዮቹን ውኃ ሌት ተቀን የሚለካ፣
ባለቤት የሌለው፣ ማንም የሚያነበው፣ ማንም የሚነካ፣
አንድ ፕሮግራም አለ፤
ዐሥራ ስምንት ዓመት በብዙ እጅ ተጽፎ፣ በብዙ እጅ የዋለ።

ገልጬ ባየው ጊዜ አላስቀመጠኝም።
አንዲት ቁጥር ሊያነብ ፋይሉን ይከፍታል፤
ዘግቶት ዘወር ይላል፣ ተመልሶ መጥቶ ደግሞ ይከፍታል፤
ጋን ሊሞላ ወጥቶ
ከወንዝ እስከ ቤቱ በሲኒ የሚመላለስ ሰው ይመስላል።

ምንተስኖት ነው ስሜ፤ እናቴ ስታወጣው፣ ምን ይሳነዋል ብላ፤
ለፈጣሪ ያለችውን ለራሴ ወስጄ፣ ሌሊቱን በሞላ
ከዚህ ዑደት አወጣሁ፣ ከዚያ ድግግሞሽ ቆረጥሁ፣
ያልታመመውንም አብሬ እያከምሁ፣
ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ፋይል ነክቼ፣
ጎሕ ሲቀድ ላክሁት፣ በአንድ ጥቅል አስሬ፣ ምስጋና ሽቼ።

ምስጋና አልመጣም።
ቲያርክ ነው የመለሰው፤ ጡረታ የወጣ የቦይ በር ጠባቂ፣
ቃል ቆጣቢ ሰው ነው፣ ግን ነገር አድራቂ።
«ውድ ምንተስኖት፤
ለመጻፍ አንድ ሌሊት በቃህ፤
ለማንበብ ክረምቱ አይበቃኝም፤ ምን ላድርግ፣ በል እባክህ?
ፈጠነ ትላለህ፤ በምን ለካህ?
ስንት ነበር? ስንት ሆነ? የትኛው መስመር ነው ያፈጠነልህ?
ፍታውና አምጣልኝ፣ አንድ አንድ እያረግህ።»

ተናደድሁ። ደብዳቤውን ዘጋሁ፣ ደረጃውን ወረድሁ፤
ሂልከ ሥራ ላይ ነበረች፤ እጇን ቆሜ አየሁ።
የተጣመመ ቸርኬ ሰቅላ፣
አንዷን ሽቦ በቁልፍ ሩብ ዙር አጥብቃ፣
ታሽከረክረዋለች። ታያለች። ትቆያለች።
ደግሞ ሌላዋን ሽቦ፣ ሩብ ዙር። ታያለች።
«ሁሉንም ባንዴ ብታጠብቂያቸውስ?»
«ቸርኬው እንቁላል ይሆናል» አለችኝ፣ ቀና ሳትል።
(የእኛ አገር እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል፤
የሷ አገር እንቁላል ሲቸኩሉ ይፈጠራል፤
ይህን አልነገርኋትም።)

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ፤
ስለቅም ገና አለፈ፣ ጥርም ተከተለ።
አንዱን ነጥዬ፣ መቶ ጊዜ አስነሥቼ፣ ሰዓት ይዤ፣
አንዳንዴም ውጤቱን እንደማላምን ጥርሴን ነክሼ።
አብዛኛው ጌጥ ሆነ፤ ጥቂቱም ከቀድሞው ይልቅ ዘገየ፤
ብልሃት ብዬ የኮራሁበት፣ ለሚያነበው ሰው ጨለማ ሆኖ ታየ።
ከሁለት መቶ አሥራ ሰባቱ
ዘጠኝ ቀሩ። ዘጠኝ ብቻ ናቸው በውነት የሮጡቱ።

አንዲት ደግሞ
«ሁለት ሰከንድ ቆይ» የምትል መስመር ነበረች፤
በኔ ዓይን ሥራ ፈት፣ ከሁሉ ቀድማ የተቆረጠች።
ቲያርክ ደወለ። ደውሎ አያውቅም።
«ወደ ሰሜን፣ ባሕሩ በር ላይ፣ አሮጌ መለኪያ አለ፤
ጆሮው ከብዷል፤ ጠርተኸው ካልጠበቅህ
ዜሮ ነው የሚልህ።
ባሕር ደጁ ቆሞ ‹ውኃ የለም› ይልሃል።
ሁለት ሰከንድ ትንፋሽ ስጠው፤ ልኩን ይነግርሃል።»

መስመሯን መለስኋት።
ከጎኗም ጻፍሁ፦ «እዚህ ጋ አትቸኩል፤ ሽማግሌው ይናገር።»
ያፈጠነው ነገር የለም፤
ከጻፍሁት ሁሉ ግን እሱን ነው ደጋግሜ ያነበብሁት።

የካቲት መባቻ፣ ዝናቡ ሳያባራ፣
ዘጠኙ ተራ በተራ፣
ዐሥረኛ ሆና ያቺ ማስታወሻ፤
በየአንዳንዱ ሥር ቲያርክ አንድ ቃል ጻፈ፦ ገብቷል።
ገብቷል።
ገብቷል።
ከታች የሂልከ ቸርኬ ይዞራል፣ ይቆማል፣ ይዞራል።
እኔም ቃሉን በቋንቋዬ ትንሽ አስረዝሜ፣
ሳልልክለት፣ ለራሴ፦
ገብቶኛል፤
ይመስለኛል።