ጨው የማይበላው

ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ማዶ፣ ከሸረፋ ሱቅ፣
ቺንጊያ ከጣራው በሚንጠለጠልበት፣ ግራሶው በሚሸት ከሩቅ፣
ሁለት መዘውር አየሁ፣ በአሮጌ ጋዜጣ ተጠቅልሎ፣
ከዱባይ በመጣ ሻንጣ፣ ከፍሬን ሸራ ጋር ተቀላቅሎ።
«ምን እንደሆነ ንገረኝ፣ እኔ እንኳ አላውቀውም» አለኝ፤
«የዓሣ ነው» አልኩት። ሳቀ። «ገላን ላይ ምን ዓሣ ልታገኝ?»

እሱ የማያውቀው አለ። በየወሩ፣ አንዳንዴም ሁለቴ፣
ጅቡቲ ወደብ ላይ ይቆማል ተሳቢዬ፣ ይቆማል ሕይወቴ።
ሙቀቱ እንቅልፍ ይነሳል፤ ካርታው ኪስ ያራቁታል፤
ከማዕበል መስበሪያው ድንጋይ አንድ የመናዊ ሽማግሌ ቁጭ ይላል፣
ከጣት የቀጠነ ዘንግ፣ ከጭብጥ የማትበልጥ መዘውር፣
ወርወር፣ ጠቅለል፣ ወርወር፣ ጠቅለል፣ ጨለማውን እንደሚያስር።
ባለፈው ጥር አቀበለኝ። ሲነክስ ክንዴ ውስጥ የገባው ነገር
ሃያ ሁለት ዓመት የጨበጥኩት መሪ ያልነገረኝ ምስጢር።

እናም ቆምኩ ከባንኮኒው። አንደኛው ወርቅማ፣ ዓይን የሚሰርቅ፣
«አሥራ ሦስት ኩሽኔታ» ይላል ጎኑ፣ እንደ ማዕረግ የሚያሸበርቅ፤
ስታዞረው እንደ ዘይት ጸጥ፣ እንደ ሐሜት ቅልል፤
አምስት ሺህ ተኩል ብር ነው፣ ያውም ሸረፋ «ላንተ ብዬ» ሲል።
ሁለተኛው ጥቁር፣ የጋራዥ ቱታ የመሰለ፣
አራት ኩሽኔታ ብቻ፣ እንደ ሰፈር ወፍጮ የሚያጉረመርም፣ ግን ያልዋለለ፤
ሁለት ሺህ ሦስት መቶ።

የወደቡን ጨው አውቀዋለሁ። የጋቢናዬን ወለል በልቶታል፣
የበሩን ማጠፊያ በልቶታል፣ የታርጋውን ቁጥር ልሶታል፤
ኩሽኔታ በበዛ ቁጥር የሚገባበት በር ይበዛለታል፤
ማዕረግ አያይም ጨው፤ ወርቅ ቀለሙን ቀድሞ ይልጠዋል።

ካቻቢቴ ተበድሬ የጥቁሩን ክዳን ፈታሁት፤
በሬ እንደሚገዛ ሰው፣ ጥርሱን ገልጬ አየሁት።
ናስ ነው፣ ሙሉ ነው። ግራሶው ደርቋል፣ እሱ የእኔ ሥራ ነው።
የቀረኝ ፍሬኑ ነው፤ መኪናም ሆነ መዘውር፣ ነፍሱ እዚያ ነው።
«ልሞክረውና ልምጣ» አልኩ። ሸረፋ መታወቂያዬን ያዘ።

ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ፣ ጎመን ከተነቀለበት ሜዳ፣
ዘንግ ስለሌለኝ የመጥረጊያ እንጨት፣ ማሰሪያው የከመነዳሪ ቁራጭ፣
ጫፉ ላይ የቁልፍ ቀለበት፣ በመንጠቆ ፈንታ ብሎን።
ወረወርኩ። ብሎኑ በረረ፣ አጥሩን ዘሎ አልፎ፣
የወይዘሮ አረጋሽ አንሶላ ላይ ዋለ፣ ተንጠልጥሎ፣ አርፎ።
ልጆች ተሰበሰቡ። «ጋሽ ወርዶፋ ምን ነካው?» አለ አንዱ።
ሌላው «አንቴና ነው» አለ፤ የቀሩት ዝም ብለው አብረው ወረዱ።

ልጄን ጠራኋት፣ ሲፈንን። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ እግሯ አያርፍም።
«ብሎኑን ያዢ። ዓሣ ነሽ። ሩጪ።»
«ምን የሚባል ዓሣ?»
ሽማግሌው ስሙን ነግሮኝ ነበር፤ ረስቼዋለሁ።
«ስሜን ሳላውቅ አልሮጥም» አለች፣ ወገቧን ይዛ ገተረች፤
ቆየችና «እሺ፣ ሲፈን የሚባል ዓሣ ነኝ» ብላ ፈተለከች።

ዝርርርር አለ ፍሬኑ፤ አልተንቀጠቀጠም፣ አልያዘም፤
ክሩ እንደ ትንፋሽ ወጣ፣ ተወጠረ፣ አልተበጠሰም።
ስትጎትት ሰጠኋት፣ ስትዘናጋ ወሰድኩባት፣
አንድ ክንድ፣ ደግሞ አንድ ክንድ፣ እያጉረመረመ አመጣኋት፤
የሳቋ መንቀጥቀጥ በእንጨቱ ወርዶ ክርኔ ውስጥ ገባ።
እግሬ ሥር ደርሳ፣ እያለከለከች፣ «አባዬ፣ ባሕሩ ላይ ያለውስ
መመለስ ይፈልጋል?» አለችኝ።
ብሎኑን ከመዳፏ ተቀበልኩ።

ገንዘቡን ከፈልኩ፤ ሸረፋ መታወቂያዬን መለሰ፣ ሳቁን ግን አልመለሰም።
ማታ፣ ሽማግሌው እንዳሳየኝ፣ አንድ ጆግ ንጹሕ ውሃ ቀዳሁ፤
«ባሕር ሳይነካው ነው የምታጥበው?» አለች እናቷ ከበሩ።
የክሩን ጫፍ ወደ አፌ ወሰድኩ።
ጨው ጨው ይላል፣ የሲፈን ላብ።
ውሃውን ለጎመኑ ደፋሁት።